መቀነቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ

ሥልጠናዬን የጨረስኩት ዓርብ ነው፤ ሰኞ በእኔ ሰበብ አንዲት እናት ሞቱ። ፖሊስ አልጠየቀኝም፣ ፍርድ ቤትም አልቆምኩም። እንዲያውም «ጎበዝ ነርስ» ብለው ያመሰገኑኝ ሰዎች አሉ። የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ሞላ እባላለሁ። ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ቆቦ ተወልጄ፣ ቆቦ ተምሬ፣ ነርስ ሆኜ እዚያው ቆቦ የተቀጠርኩ፣ ነጭ ጋዋኔን እንደለበስኩ በገበያ መሃል ማለፍ የምወድ ሰው ነበርኩ። ገበሬው «ዶክተር» ሲለኝ አላርመውም። በእኛ ቆላ የጥይት ቁስል ብርቅ አይደለም። ችግሩ ቁስለኛው በቃሬዛ ሦስት ሰዓት ተጉዞ እኛ ጋ ሲደርስ ደሙ አልቆ መገኘቱ ነው። በእግር ቁስል ሰው ይሞታል? ዓይናችን እያየ ይሞት ነበር።

ለዚህ ነው ሥልጠናው የመጣልን። ፖሊሶች፣ ሚሊሻዎች፣ እኔና የአምቡላንስ ሾፌራችን ሰይድ ሆነን አምስት ቀን ተቀመጥን። ተኩስ ባለበት ቦታ ገብቶ ደም ማቆም፣ ትንፋሽ ማየት፣ ቁስለኛ መጎተት፣ ይህን ነበር የሚያስተምሩን። አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ የጦር ሜዳ ሐኪም፣ ሻምበል ናቸው። ቀይ ውኃ የሞላ ፌስታል ከጓደኛችን ሱሪ ሥር ይደብቁና ይበሱታል፤ እኛ ልናስር ስንራኮት ባዶ ጣሳ በድንጋይ እየደበደቡ ጆሯችን ሥር ይጮኻሉ።

«ሦስት ደቂቃ! ከሦስት ደቂቃ በኋላ ይኼ ሰው ሬሳ ነው! ማሰሪያ የለህም? ነጠላ ያዝ! ጋቢ ያዝ! እጅህ የደረሰበትን ጨርቅ ያዝ! አትምረጥ፣ አታስፈቅድ!»

በእርግጥ ሻምበል «መጀመሪያ ቦታውን እዩ፣ ተኩሱ ለምን እንደቆመ ሳታውቁ አትግቡ» ብለውም ነበር። ጥፋቱን በእሳቸው ላይ እንዳትጭኑብኝ። እኔ ግን ከጆሮዬ ያልጠፋው ጣሳው ነው።

ከሁሉም አንደኛ ወጣሁ። ሽልማቴ አንድ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ ነበር፤ ሰፊ ጥቁር ቀበቶ ሆኖ መጠምዘዣ ዘንግ ያለው። እሑድ ፑል ቤት ይዤው ሄድኩ። የጓደኛዬን ክንድ አስሬ «በቃ! ኧረ በቃ በማርያም!» እስኪል ጠመዘዝኩት። ሰው ሁሉ ከቦ ሳቀ፣ ተደነቀ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ስወጣ ማሰሪያዬን እዚያው ረሳሁት።

ሰኞ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። ከሮቢት በስተምሥራቅ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ ሰዎች ተታኩሰዋል፤ የሞተም የቆሰለም አለ።

ነገሩ የጎርፍ ነበር። የቆላው ገበሬ ማሽላውን የሚያጠጣው ከተራራው በሚወርድ ጎርፍ ነው። ጎርፉ ተራ አለው፤ ላይኞቹ ጠልፈው ሲያጠጡና ሲበቃቸው ግድቡን ከፍተው ወደ ታችኞቹ ይለቃሉ። ያን ቀን ላይኞቹ አልለቀቁም። ታችኞቹ አካፋ ይዘው ግድቡን ሊንዱ ወጡ። በአካፋ የተጀመረው ጠብ ዱላ አስነሳ፣ ከዱላው በኋላ ክላሹ መጣ።

ሰይድ አምቡላንሷን ማሽላው ዳር አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። አካባቢው ጸጥ ብሏል። ወፍ እንኳ የለም። ላይኞቹ ከአፈሩ ግድብ ጀርባ ተኝተዋል፤ የሚታየው የአፈሙዝ ጫፍ ብቻ ነው። ከአጠገባቸው ጋቢ የለበሰ ሬሳ አለ። ታችኞቹ ማሽላው ውስጥ ናቸው። መሃል ላይ ስልሳ እርምጃ የሚሆን ገላጣ መሬት አለ፤ እዚያ አንድ ወጣት በጀርባው ተንጋሎ ጭኑን በሁለት እጁ ይዟል። ከእሱ አራት እርምጃ ርቆ አንድ ነጭ መቀነት በቁመቱ ተዘርግቷል። ከመቀነቱ አጠገብ አንዲት አሮጊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

አንድ ሽማግሌ ከማሽላው ብቅ ብለው ክንዴን ያዙኝ።

«የኛ ልጅ፣ ባዶ እጅህን ነህ? መሣሪያ የለህም?»

«ነርስ ነኝ አባቴ።»

«ደግ። ያቻት እማማ ብርቄ ናት። አበራ የሚባለው ልጇ ከላይኞቹ ጋር ነው። ያ የወደቀው ጌታቸው ደግሞ የሴት ልጇ ባል ነው፣ የኛ ወገን። በሁለቱ መሃል ገብታ መቀነቷን አነጠፈች። መቀነቱ መሬት ላይ እስካለ የሚተኩስ የለም። ግባና ልጁን አድን፣ ኧረ በሞቴ።»

ይህን ማንም አያስተምረኝም፤ ተወልጄ ያደግኩበት ነው። እናት መቀነቷን ፈትታ በጠበኞች መሃል ካነጠፈች፣ ያንን አልፎ የሚተኩስ በተወለደበት ማህፀን ላይ እንደተኮሰ ይቆጠራል። ስትወልድ ሆዷን ያሰረችበት ነው። የላይኞቹ ሬሳ ገና ሳይቀዘቅዝ ጣታቸውን ከቃታ ላይ ያስነሳቸው ያ ጨርቅ ብቻ ነበር።

ሮጬ ገባሁ። የጌታቸው ሱሪ ከጉልበቱ በላይ ተቀዷል፤ ደሙ እየተፈናጠረ ነው የሚወጣው። ከንፈሩ ነጥቷል።

«ዶክተር... ጠማኝ» አለኝ።

«ዝም በል። አሁን አስርሃለሁ።»

ጉልበቴን ብሽሽቱ ላይ ተክዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ጓንት አለ፣ ፋሻ አለ፣ መቀስ አለ። ማሰሪያዬ የለም። ቦርሳውን ዘረገፍኩት፤ የለም። ያን ጊዜ ፑል ቤቱ ትዝ አለኝ። የራሴን ሸሚዝ አውልቄ ማሰር እችል ነበር፣ ግን አላሰብኩትም። የሻምበል ጣሳ ራሴ ውስጥ ይደበደባል። ቀና ስል ያየሁት መቀነቱን ነው፤ ሰፊ፣ ረጅም፣ ጠንካራ። ልክ በሥልጠናው እንደተነገረን ያለ ጨርቅ።

በደረቴ ተስቤ ጫፉን ያዝኩ።

«ተው ልጄ!» አሉ እማማ ብርቄ። «እሱን አታንሳ! ተው!»

ሰማኋቸው። ጎተትኩት።

ከጭኑ ሥር አሳልፌ ሁለት ዙር አሰርኩ። ለመጠምዘዣ የማሽላ አገዳ ሰበርኩና ከቋጠሮው ሥር ከተትኩ፤ ገና አንዴ ሳዞረው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። መቀሴን አነሳሁ። ይሄኔ ከግድቡ ጀርባ አንድ ድምፅ ጮኸ።

«መቀነቱ ተነሳ! ታችኞቹ መቀነቱን አነሱት!»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ተኩስ ነው። ከላይም ከታችም። ከጎኔ አፈር ይፈነዳል፤ ከበስተጀርባዬ ማሽላው እየተቀነጠሰ ይወድቃል። አንድ ሰው ማሽላው ውስጥ «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ጮኸና ዝም አለ። ጌታቸው ላይ ተኝቼ መቀሱን አዞርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ደሙ ቆመ።

ደስ አለኝ። መደበቅ አልፈልግም፤ ጥይት በላዬ እያለፈ ደስ አለኝ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አሰርኩ አልኩ በልቤ።

ቀና ስል እማማ ብርቄ ቆመዋል። ሁሉም ሰው መሬት በያዘበት ሰዓት እሳቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈፉት፤ ሽበታቸው ተበትኖ ይታያል።

«አበራ! በጠባኸው ጡት! በአባትህ አጥንት! ተው!»

ነጠላውን መቀነቱ በነበረበት ቦታ ሊያነጥፉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጎንበስ አሉ። ሲያጎነብሱ አየሁ። ቀኝ ክንዳቸው ከፍ እንዳለ ከብብታቸው ሥር ቀሚሳቸው ብድግ አለ፣ ንፋስ የገባበት ይመስል። ነጠላው ላይ በጎናቸው ወደቁ።

ከማን ወገን እንደተተኮሰ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ተኩሱ ግን ያኔውኑ ቆመ።

እየተንፏቀቅሁ ደረስኩ። ደሙ ከብብታቸው ውስጥ ይንዠቀዠቃል። ሻምበል ስለዚህ ቦታ ነግረውናል፤ ብብትና ብሽሽት ማሰሪያ አይዝም፣ የሚታሰርበት ነገር የለውም። ያለው መንገድ ቁስሉን በጨርቅ ጠቅጥቆ፣ ሆስፒታል እስኪደረስ ድረስ በሙሉ ጉልበት ተጭኖ መያዝ ብቻ ነው። የነጠላቸውን ጫፍ በጣቴ ወደ ውስጥ መጠቅጠቅ ጀመርኩ።

የሰው ጥላ ላዬ ላይ ወደቀ። አበራ ነው። ክላሹን እንደያዘ ግድቡን ዘሎ መጥቷል፤ ዓይኑ ደም ለብሷል።

«እናቴን እሰራት!»

«እዚህ ጋ አይታሰርም፣ ወንድሜ...»

«ለሱ አስረህለት የለም? የሷ መቀነት ነው! ፍታና ለሷ እሰር!»

አፈሙዙን ግንባሬ ላይ አሳረፈው። ብረቱ ሲተኩስ ቆይቶ ግሏል፤ ቆዳዬን ለበለበኝ።

«ብፈታው ጌታቸው አሁኑኑ ይሞታል» አልኩት። «እናትህ ላይ ደግሞ ባስረውም አይሠራም። እውነቴን ነው።»

«ፍታ አልኩህ!»

እማማ ብርቄ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አበራ» አሉ ቀስ ብለው። «የእህትህ ባል ነው። እሱን ከፈታኸው እኔን ከዚህ አታንሳኝ።»

አፈሙዙ ግንባሬ ላይ ቆየ። ከዚያ ተነሳ።

«መሣሪያህን ጣል» አልኩት። «እጅህን አምጣ። ጨብጥ። እዚህ ጋ፣ በሙሉ ኃይልህ ተጫን። እጅህን ካነሳህ ትሞታለች።»

ጭብጡን እናቱ ብብት ውስጥ ከተተ። ሰይድ ቃሬዛ እየጎተተ ደረሰ። ከላይኞቹም ከታችኞቹም ሰዎች መሣሪያቸውን ጥለው ወጡ፤ ቁስለኞቹን በጋራ ተሸክመው አምቡላንሷ ውስጥ ጎን ለጎን አስተኟቸው። ቅድም ማሽላው ውስጥ የጮኸውን ሰው ጠየቅኩ። «እሱስ አብቅቶለታል፣ አንተ ሂድ» አሉኝ።

እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ቦይና ጉድባ ነው። ሰይድ «ቢስሚላህ፣ ያ አላህ» እያለ ይነዳል። አበራ በጉልበቱ ተንበርክኳል፤ መኪናዋ ስትዘል ከእናቱ ጋር ይዘላል፣ ጭብጡን ግን አላነሳም። አጠገቡ ጌታቸው ያቃስታል። ሁለቱ አማቾች ትከሻ ለትከሻ ተነካክተዋል።

ግሉኮስ ለመስቀል የእማማ ብርቄን ሥር ፈለግኩ፤ ጠፋብኝ። ሌላው ክንዳቸው ላይ ሞከርኩ። በሦስተኛው ሙከራ ተሳካልኝ።

«ልጄ» አሉኝ።

«አቤት እናቴ።»

«ይተርፋል?»

«ማ? ጌታቸው? ይተርፋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለራሳቸው አልጠየቁኝም። ሮቢት አስፋልቱ ላይ ስንወጣ መንገዱ ተስተካከለ፤ ሰይድ ክላክሱን ይዞ በረረ። ትንፋሻቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ቆቦ መግቢያው ላይ ቆመ። አበራ ወደ እኔ ቀና አለ፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እሱ ግን እየተጫነ ነው። ግቢ ገብተን፣ በሩ ተከፍቶ፣ ሰው ከቦንም እየተጫነ ነው። ሰይድ ትከሻውን ይዞ «አበራ፣ ወንድሜ፣ ተወው በቃ» እስኪለው ድረስ አላነሳም። ጣቶቹ ደርቀው ስለነበር አንድ በአንድ የፈታሁለት እኔ ነኝ።

ጌታቸው ወደ ሆስፒታል ተላከና እግሩ ሳይቆረጥ ተረፈ። ሐኪሞቹ «ማን አሰረው? ጎበዝ ነው!» አሉ አሉ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ አልጽፈውም ነበር። በአራተኛው ቀን ቆቦ ገበያ ላይ አንድ ወሬ ሰማሁ፤ መቀነቱን ያነሳው ጌታቸው ራሱ ነው፣ ላይኞቹን ለማስመታት ሆን ብሎ ጎትቶት ነው። ከግድቡ ጀርባ ያሉት እኔ በደረቴ ስሳብ አላዩኝም፤ ያዩት መቀነቱ ወደ እሱ ሲሳብ ብቻ ነበር። ታችኞቹ «ነርሱ ነው ያነሳው» ቢሉም ማን ይመናቸው? አበራ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ለእናቱ ደም ጌታቸውን ከሆስፒታል መውጫው ላይ እንደሚጠብቀው ይወራል። እህቱ በአንድ ጊዜ የእናቷንም የባሏንም ልቅሶ ልትቀመጥ ነው።

ለሰይድ ነገርኩት።

«አንተ ዝም በል» አለኝ። «ወላሂ ይገድሉሃል። አንተ ነፍስ አድነሃል። ሌላው የነሱ ጉዳይ ነው።»

ሰባት ቀን ዝም አልኩ። ሥራ ገብቼ እወጣለሁ። ሰው «ጎበዝ» ሲለኝ ግንባሬ ላይ ያለው ቁስል ያቃጥለኛል። ፈሪ መሆኔን ያወቅኩት ጥይት በላዬ ሲያልፍ አይደለም፤ በእነዚያ ሰባት ቀናት ነው። በስምንተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገን ከቀበሌው ሾላ ዛፍ ሥር አስቀምጠው ነገሩን ሊያዩ መሆኑን ሰማሁና በባጃጅ ሄድኩ።

ስደርስ አንድ የላይኞቹ ሰው «መቀነት ያነሳ እጅ ይቆረጣል!» እያለ ይፎክራል። እጄን አወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ተናገር አሉኝ። ቆምኩ።

«መቀነቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጌታቸው እጁን ከጭኑ ላይ አላነሳም። ተስቤ የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

አበራ ከተቀመጠበት ተነሳ። ክላሹ ትከሻው ላይ ነው። ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ።

«ስትጮህብህ ሰምተሃት ነበር?» አለኝ።

መዋሸት ይቻል ነበር። ደንግጬ ነበር፣ ጆሮዬ አልሰማም ብል የሚፈርድብኝ የለም። እሱም ያንን እንድለው የፈለገ መሰለኝ።

«ሰምቻታለሁ» አልኩት።

ከዚያ ክላሹን ከትከሻው አውርዶ የሽማግሌው እግር ሥር አስቀመጠና ተመልሶ ተቀመጠ። የጌታቸው ነገር በዚያው ቀረ። በእርቁ ቀን እኔም እንደ ገዳይ ሁሉ በባህሉ መሠረት ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ አበራ ፊት ወደቅኩ። «ይቅር ብያለሁ» አለ፤ ድንጋዩንም ያወረደልኝ እሱ ራሱ ነው። ፊቴን ግን አላየም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ «ምን ታደርግ ነበር? ልጁ ይሙት?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለዓመታት በዚህ ጥያቄ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። አንዱን ለማዳን አንዷን አጣሁ፣ የጦር ሜዳ ነገር እንዲህ ነው እል ነበር። ጥሩ ማጽናኛ ነበር፤ እስኪነጠቅ ድረስ።

የነጠቀኝ አበራ ነው። እኔም በጊዜ ብዛት አሠልጣኝ ሆኛለሁ፤ ለፖሊስና ለሚሊሻ ደም ማቆም አስተምራለሁ፣ ጣሳ ግን አልደበድብም። ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት ክፍል ስገባ ከሚሊሻዎቹ መሃል አበራ ተቀምጧል። ያንን ታሪክ ሁልጊዜ አስተምርበታለሁ፤ ያን ቀን ልዝለለው ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ አፈርኩና ከነስማችን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ስጨርስ አንድ ወጣት ፖሊስ እጁን አወጣ።

«እንግዲህ መቀነቱን ባያነሱ ጌታቸው ይሞት ነበር ማለት ነው። ምርጫ አልነበረዎትም።»

አፌን ስከፍት አበራ ከኋላ ተነሳ። ድምፁ ቁጣ የለውም።

«ነጠላ ለብሳ ነበር» አለ። «ብትጠይቃት ትሰጥህ ነበር።»